ጋቢና የተቀመጠው ማናለብኝ

ካድሬ ካሣዬ ንግግሩን በጥሩ ድምፅ ነበር የጀመረው። የሚዛን ተፈሪ ነዋሪ በቀበሌው ግቢ ሣር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሰውዬው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «የፊውዳሉ ሥርዓት ዳግም ላይመለስ ተቀብሯል» ሲል፣ በሩ አጠገብ የቆመችው ላንድሮቨር ክላክሷን ረዘም አድርጋ ነፋች። ካሣዬ ዞር ብሎ አየና እንደገና ጀመረ። «ዳግም ላይመለስ» ከማለቱ መኪናዋ እንደገና ጮኸች፤ አሁንስ ማቆሚያም አልነበራት።

ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። በሾፌሩ ወንበር ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ጉብ ብሎ፣ የፊት እግሮቹን መሪው ላይ ጭኖ፣ ስብሰባውን በመስታወቱ በኩል ይመለከታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ወንዶቹ ያልያዛቸውን ሳል ሳሉ። ካሣዬ ግን ከሕዝቡ መካከል አንዲት ልጅ ፈልጎ አገኘና ዓይኑን ተከለባት።

«ወሰንየለሽ ገሠሠ» አለ። «ውሻሽን ጥሪው።»

ወሰንየለሽ ተነሣች። በስሙ ካልጠራችው ውሻው እንደማይወርድ ታውቃለች፤ በስሙ ብትጠራው ምን እንደሚከተልም ታውቃለች። ስሙን ያወጡለት አባቷ ናቸው፤ ያኔ ቡናውም፣ መኪናዋም፣ ዛሬ ቀበሌ የሆነው ይህ ቤትም የእሳቸው በነበረ ጊዜ።

«ማናለብኝ» ብላ ተጣራች።

ሳል የነበረው ሁሉ ሳቅ ሆነ። ወሰንየለሽ ፊቷ እየጋለ ወደ መኪናዋ ሄደች። ሾፌሩ እንድርያስም ከወዲያ በኩል እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ተገናኙ።

«ውሻሽን አውርጂ» አላት።

«መኪናህን ዝጋ» አለችው።

«ሸራዋ የተቀደደ መሆኑን ታውቂያለሽ። የአባትሽ መኪና ነበረች።»

«ነበረች። አሁን ያንተ ናት፤ አሰፋት።»

«የኔ አይደለችም። የሕዝብ ናት።»

«ታዲያ ውሻውን ምን ትለዋለህ? እሱም ከሕዝቡ አንዱ ነው።»

እንድርያስ አያት። ጥቁር፣ ረጋ ያለ ፊት ነበረው፤ ሲናደድ ደግሞ የባሰውን ይረጋል። ወሰንየለሽ ዓይን ለዓይን እገጥመዋለሁ ብላ አስባ ነበር፤ ቀድማ ያቀረቀረችው ግን እሷ ሆነች። የውሻውን አንገት ይዛ ስትመለስ፣ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት የሕዝቡ ሳቅ አልነበረም። ያ ሰው «አንቺ» ሲላት ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ መቅረቱ ነበር።

*

አባቷ ቀኛዝማች ገሠሠ ከሸዋ መጥተው በሚዛን ዙሪያ ሰፊ የቡና መሬት የያዙ ሰው ነበሩ። የመሬት አዋጁ በወጣ በዓመቱ ሞቱ፤ ሕመም ይሁን ንዴት የገደላቸው ማንም አላጣራም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በየነችና አንድ ልጃቸው ወሰንየለሽ ትልቁን ቤት ለቀው ከጀርባው ባለው ሰርቪስ ቤት ገቡ። እናትየው ከዚያ ወዲህ በፊት ለፊቱ በር ወጥተው አያውቁም። ወሰንየለሽ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ስለሆነች፣ ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርጎ መደባት።

እንድርያስ የኢሳይያስ ልጅ ነው። ኢሳይያስ የዚያው አገር ተወላጅ፣ የቀኛዝማች ጭሰኛ ነበር። አንድ ክረምት ቀኛዝማች ከመሬቱ ነቀሉት፤ ጎጆውንም አስፈረሱበት። ኢሳይያስ ልጆቹን ይዞ ዝናቡን በሰው በረንዳ ነው የከረመው። እንድርያስ ከፍ ሲል፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ፣ እዚያው ቀኛዝማች ግቢ መኪና አጣቢ ሆኖ ገባ። መንዳት የተማረው በዚያች ላንድሮቨር ነው። ማናለብኝንም ቡችላ ሆኖ፣ ጭኑ ላይ እያስቀመጠ ያሳደገው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ወሰንየለሽን ሲያያት አንገቱን ሰብሮ «እርስዎ» ይላት ነበር።

ቤቱ በተወረሰ ቀን ላንድሮቨሯን ነድቶ ከግቢው ያወጣት እንድርያስ ነው። ወሰንየለሽ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብሎ አላያትም። ከመኪናዋም ከቤቱም ይልቅ ይቅር ልትለው ያልቻለችው ያንን አለማየቱን ነበር።

አሁን ላንድሮቨሯ ለቡና ሥራ ተመድባ ካሣዬን ይዛ ከገጠር ገጠር ትዞራለች። አዋጁን ሁሉም ሰምቶ አድሯል፤ ያልሰማ ማናለብኝ ብቻ ነው። ለእሱ መኪናዋም የድሮዋ መኪና፣ ጋቢናውም የድሮው ቦታው ነው። የትም ትቁም የት፣ በተቀደደው ሸራ ሾልኮ ይገባና ቦታውን ይይዛል።

ከክላክሱ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። አንድ ቀን ካሣዬ የመኪናውን በር ሲከፍት የምሳ ዕቃው ባዶውን አገኘው፤ ቋንጣ ፍርፍሩን የበላው ውሻ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ሌላ ቀን የካሣዬ ቆብ ጠፍቶ ሲፈለግ ውሎ ግማሹ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ሌላ ቆብ እስኪመጣ ካሣዬ ያንኑ የተነከሰውን አድርጎ ሕዝብ ፊት ቆመ፤ በዚያ ሳምንት በሚዛን ማንም ሰው ከስብሰባ አልቀረም።

ከሁሉ የከፋው ግን በገበያ ቀን የሆነው ነው። እንድርያስ እየነዳ፣ ካሣዬ ከኋላ ሰነድ እያገላበጠ፣ ማናለብኝ ካሣዬ ሳያየው ገብቶ ጋቢናው ላይ ጉብ ብሎ፣ አፍንጫውን በመስኮት አውጥቶ ገበያው መሃል ደረሱ። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ያችን መኪና ከነውሻዋ ድንገት ሲያዩ፣ ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መሬት ጎንበስ አሉ። ሲቃኑ ያዩት ቀኛዝማችን ሳይሆን ካሣዬን ነው። ሽማግሌው በድንጋጤ ባርኔጣቸውን ጣሉ። ካሣዬ ሰነዱን ቀስ ብሎ አጥፎ ውሻውን አየው።

ወሰንየለሽ በዚያው ቀን ከሰዓት ውሻውን ፍለጋ ወንዝ ወረደች። እንድርያስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ላንድሮቨሯን ያጥባል። ማናለብኝ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ሲታጠብለት እንደሚውል ጌታ ዙሪያውን ይቃኛል።

«ይኸው ደግሞ መጣሽ» አለ እንድርያስ፤ ቀና አላለም።

«ውሻዬን ልወስድ ነው። አንተን ልጠይቅ አልመጣሁም።»

«መጀመሪያ ትልኪዋለሽ፤ ከዚያ ልትወስጂው ትመጫለሽ።»

«ማን ነው የሚልከው?»

«አንቺ። ሰው ሲስቅብኝ ደስ ይልሻል። የጭሰኛው ልጅ የቀኛዝማች ውሻ ሾፌር ሆነ እንዲባል ትፈልጊያለሽ። ዛሬ ገበያ የተባለውን አልሰማሽም?»

«ውሻ አዋጅ አያነብም። አንተ ነህ የምታባብለው። አባቴን በመቃብራቸው ለማሳጣት፣ ስማቸው በየመንገዱ መሳቂያ እንዲሆን።»

እንድርያስ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። «አባትሽ የኔ ዕርዳታ አያስፈልጋቸውም። ጎጆአችን ሲፈርስ እናቴ አራስ ነበረች። ይህን ማንም አልነገረሽም?»

ማንም አልነገራትም ነበር። በአባቷ ፈንታ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ፣ አፏ ላይ የመጣው ግን ያው ስድብ ሆነ።

«እኔ አላፈረስኩትም» አለች። «በረንዳ ላይ ያሳደረህም እኔ አይደለሁም። አንተ ግን ቤቴን ለቅቄ ስወጣ አይተህ እንዳላየ አልፈኸኛል። የኔና ያንተ ልዩነት ይህ ነው።»

ውሻውን ጎትታ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ዓይኑ እንዳለ ይታወቃታል። ዳገቱን ስትጨርስ ዞር አለች። ውኃው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ባልዲው በወራጁ እየተወሰደበት አላየውም።

ቤት ገብታ ማናለብኝን ከምሰሶው ጋር አሰረችው። ገመዱን አንድ ጊዜ ቋጥራ ተወችው፤ ሁለተኛ አላጠበቀችውም። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ገመዱ አርጅቷል፣ እጄ ደክሟል፣ ነገ ሌላ ገመድ እገዛለሁ እያለች ራሷን ስታታልል ከርማለች። ዛሬ ግን ምክንያት አልፈለገችም። እጇን አየችውና አፈረች።

*

መስከረም ጠብቶ ቡና መቅላት ሲጀምር፣ ካሣዬ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎቹን በላንድሮቨሯ ጭኖ እዚያው ሚዛን አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ቤንች ወጣ። ወሰንየለሽ ከኋላ፣ በጎን ወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። እንድርያስ በመስታወት ያያታል፤ ስታየው ዓይኑን መንገዱ ላይ ይጥላል።

ቡና የሚታጠብበት ቦታ ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ከሥሩ የቡናው ልጣጭ የሚጣልበት ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ልጣጩ በዝናብ በስብሶ ጠረኑ ከሩቅ ይሸታል። እንድርያስ መኪናዋን ከላይ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲስበው ወሰንየለሽ አየች፤ ሁሉም ወረዱ። ካሣዬ ብቻ ጋቢናው ውስጥ ቀረ። አዲሱን ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ትንሽ ላሸልብ አለ።

ማናለብኝ ከኋላ ወንበር ሥር ብቅ ያለው ያኔ ነው። መቼ እንደገባ ያየው የለም። ወሰንየለሽ ከታች ሆና ስታየው ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሸጋገረ፤ እሷን ሲያይ ጭራውን ቆላ፣ ወዲያና ወዲህ ተንቆራጠጠ፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ይዞ የእጅ ፍሬኑ ላይ ዘለለ።

መኪናዋ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነው የተንቀሳቀሰችው። ሠራተኞቹ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው አዩ። ውሻው መሪውን ተደግፎ፣ ካሣዬ ከጎኑ ቆቡን ፊቱ ላይ እንደደፋ፣ ሁለቱ ቁልቁለቱን ተያያዙት። እንድርያስ ሮጠ፤ አልደረሰባትም። ላንድሮቨሯ አጥሩን ጥሳ አፍንጫዋን ጉድጓዱ ውስጥ ደፍታ ቆመች። ማናለብኝ በመስኮት ዘሎ ወጣና ራሱን አራገፈ። ካሣዬም በሌላው በኩል በሩን ሲከፍት እስከ ወገቡ በበሰበሰ ልጣጭ ተዋጠ።

አንዲት ቡና አጣቢ ሳቋን ልትይዘው ሞከረች። አልቻለችም። እሷ ስትጀምር ቁልቁለቱ ሁሉ ሳቀ።

ካሣዬ ሳይጮህ ወጣ። አገጩ ላይ የተለጠፈውን ልጣጭ በእጁ ጠረገና መጀመሪያ እንድርያስን፣ ቀጥሎ ወሰንየለሽን አየ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ በቀስታ።

ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። በዚያ ዘመን ያ ቃል ሰው ከቤቱ አስወጥቶ የማይመልስ ቃል ነበር። ወሰንየለሽ የፈራችው ለራሷ ብቻ እንዳልሆነ አወቀች፤ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የመኪናዋን ጎማ ለሚያየው ለእንድርያስም ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ብርሃነመስቀል ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። ካሣዬ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ደጋግሞ ታጥቧል፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ማናለብኝ ዛፍ ሥር ታስሮ ያዛጋል። ወይዘሮ በየነች እንኳ፣ ልጃቸው የምትከሰስበት ቀን ነውና፣ ጥቁር ሻርፓቸውን ተከናንበው በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ኢሳይያስ በሌላው ጥግ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ጥያቄው አጭር ነው» አለ ካሣዬ። «ውሻ በራሱ ፖለቲካ የለውም። ይህን ውሻ ወደ መንግሥት ንብረት የሚልከው ሰው አለ። ማን ነው? የቀኛዝማች ገሠሠ ልጅ ናት? ጓድ እንድርያስ፣ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። የጭቁን ልጅ ነህ። ተናገር።»

ወሰንየለሽ ጣቶቿን አቆላለፈች። ይጠቁመኛል ብላ አሰበች፤ ቢጠቁመኝም ዕዳው ያለው በኛ ላይ ነው። እናቱ አራስ ነበረች።

እንድርያስ ተነሣ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የእጅ ፍሬኑን በደንብ አልሳብኩትም።»

«ይዋሻል» አለች ወሰንየለሽ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷም እንዴት እንደቆመች አላወቀችም።

«እስከ መጨረሻው ነው የሳበው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ ስለ ፍሬን ምን ታውቂያለሽ?» አላት እንድርያስ። «ተቀመጪ።»

«ማን ነህና ታስቀምጠኛለህ?»

«ተቀመጪ ብዬሻለሁ። ይህ ያንቺ ጉዳይ አይደለም።»

«ውሻው የኔ ነው፤ ጉዳዩም የኔ ነው። ሁልጊዜ የማስረው እኔ ነኝ። ላልቶ እንደሚፈታ እያወቅሁ የማስረው እኔ ነኝ።»

ካሣዬ ወደ ፊት ተንጠራራ። «ልብ በሉልኝ፤ በራሷ አፍ አመነች።»

«የምታወራውን አታውቅም» አለ እንድርያስ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ገመዱ ቢፈታም ባይፈታም ውሻው የሚመጣው በኔ ነው። ከወንበሬ ሥር ጮማ አስቀምጥለታለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሳስቀምጥለት ከርሜያለሁ። ሥጋ ባጣሁ ቀን ከራሴ እራት እየቀነስኩ።»

የወሰንየለሽን ፊት ደም ሞላው።

«ውሻዬን በጮማ እያባለግህ ነው እኔን "ትልኪዋለሽ" እያልክ ስትሰድበኝ የከረምከው?»

«አንቺስ እየፈታሽ እየላክሽ አይደል "ታባብለዋለህ" ስትዪኝ የነበረው?»

«አንተ ወንዝ ዳር ውሸታም አደረግኸኝ።»

«አንቺም እኔን ምቀኛ አደረግሽኝ።»

«ቆዩ እስቲ» አለ ብርሃነመስቀል፤ መነጽሩን አወለቀ። «ቆዩ። እንድርያስ፣ ሥራህን የሚያሳጣህን ውሻ ለምን ትጠራዋለህ?»

እንድርያስ ዓይኑን ዛፍ ሥር ወደታሰረው ውሻ መለሰ።

«አንቺስ ልጄ፣ የሚያሳስርሽን ውሻ ለምን ትፈቺዋለሽ?»

ወሰንየለሽ መሬት መሬት አየች። ዳቦ ጋጋሪዋ አማረች፣ በከተማው የታወቀች አፈኛ፣ ዛሬ በቀስታ ነበር የተናገረችው።

«ምን ትጠይቋቸዋላችሁ? ውሻው መኪና ካልገባ እሷ ልትወስደው አትመጣ። እሷ ካልመጣች እሱ በየት ያያታል? በደጇ አያልፍ።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ እንደ ትናንቱ ሳቅ ግን አልነበረም። ወሰንየለሽ እርቃኗን ሰው ፊት የቆመች መሰላት። ቀና ስትል እንድርያስ ያያታል። ዓይኑን አልሸሸገም። እሷም አልሸሸገችም። ያን ያህል ዘመን ያጠራቀሙት ጥላቻ ምን እንደነበረ ሁለቱም ባንድ ጊዜ አወቁ፤ ማወቃቸውም አላስደሰታቸውም፤ አስደነገጣቸው።

ወይዘሮ በየነች ሻርፓቸውን ከራሳቸው ገፈፉ። «የኔ ልጅ፣ ለጭሰኛ ልጅ?» አሉ። «ቤቴን ወሰዳችሁ፤ ዝም አልኩ። ይህን ግን በሕይወቴ አላየውም።»

«እኔም አልፈልግም» አለ ኢሳይያስ ከጥግ። አማርኛውን ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። «የዚያ ሰው ልጅ እኔ ቤት አትገባም። ሚስቴ በዚያ ዝናብ ታመመች። አልዳነችም። እኔ አልረሳሁም።»

ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩ። ከአዋጁም በፊት፣ ከአዋጁም በኋላ፣ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ካሣዬ ውሻው ይገደል፣ ሁለቱም ወደ አውራጃ ይላኩ አለ። ብርሃነመስቀል ሕዝቡን ጠየቀ። ማንም እጁን ሳያነሣ ኢሳይያስ እንደገና ተናገረ።

«ውሻው ምን አጠፋ?» አለ። «ያኔ እኛን ያባረረን ውሻ አይደለም። ሰው ነው ያባረረን። ውሻውን ተዉት።»

ከዚያ በኋላ ለመግደል እጁን ያነሣ አልነበረም። ካሣዬም ነገሩ ወደ ላይ ከሄደ ጉድጓዱም አብሮ እንደሚነገር አስቦ ይሁን፣ አልገፋበትም። እንድርያስ ከሾፌርነቱ ተነሥቶ ቴፒ የቡና እርሻ የጉልበት ሠራተኛ እንዲሆን፣ ውሻውም ከከተማው እንዲወጣ ተወሰነ። ወሰንየለሽ በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ከእስር ዳነች፤ ልቧ ግን አንድም ነገር እንደዳነለት አልተሰማውም።

*

እንድርያስን የሚወስደው የጭነት ኤንትሬ ከገበያው ዳር ቆሞ ነበር። ወሰንየለሽ ማናለብኝን በገመድ እየሳበች መጣች። ሰው ያያታል፤ ግድ አልሰጣትም። ኮርቻ የሚያክል የልብስ ጥቅሉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አገኘችው።

«ይኸው» አለች፤ ገመዱን ሰጠችው። «እዚያ ጮማ የለም። እንዳታስርበው።»

«አንቺም ሌላ ውሻ እንዳታሳድጊ» አለ። «ቋጠሮ አትችዪበትም።»

ሁለቱም ሊስቁ ፈልገው አቃታቸው። ገመዱ ላይ እጁና እጇ ተነካኩ። አላነሱም።

«ያን ቀን» አለችው፤ «ቤታችን በተወረሰ ቀን። ለምን ዞረህ አላየኸኝም?»

«አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር» አለ። «በሕይወቱ አንድ ቀን ቀና ብሎ የቆመበት ቀን ነው። ካየሁሽ መኪናዋን አቆማታለሁ። ካቆምኳት አባቴን እገድለዋለሁ። ስለዚህ አላየሁሽም። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ያን ቀን ያላየሁትን ፊትሽን ነው የማየው።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ሞተሩን አስነሣ።

«ቴፒ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም» አላት።

«ለምን?»

«እምቢ ትይኛለሽ።»

«እምቢ እላለሁ። እናቴ ከኔ በቀር ሰው የላትም። ግን ጠይቀኝ።»

«ትመጫለሽ?»

«እምቢ» አለች፤ እንባዋ ግን ቃሉን ቀደመው።

እንድርያስ ራሱን ነቀነቀ። ማናለብኝን አቅፎ ከነገመዱ ጫነውና ተከትሎ ወጣ። መኪናው አቧራውን ቀስቅሶ ሲታጠፍ ወሰንየለሽ እጇን አላወዛወዘችም። ገመዱ ያረፈበትን መዳፏን ጨብጣ፣ የያዘችው ነገር እንዳይወድቅባት እንደምትፈራ ሆና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

*

ኅዳር ሲገባ ቴፒ ያለው እርሻ የለቃሚ እጅ አጠረው። ቀበሌው በፈቃዱ የሚሄድ እንዲመዘገብ አስነገረ። ወሰንየለሽ ሄዳ ተመዘገበች። ማታውኑ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ለቀማው እስኪያልቅ ብቻ ነው አለች። ወይዘሮ በየነች ለምን ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አላናገሯትም። ምግቧን ያቀርባሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች እንደ ባዕድ ሰነበቱ። ወሰንየለሽ ልቅር እንዴ እያለች ታድራለች፤ ሲነጋ ግን አሁንም መሄድ ትፈልጋለች።

የምትሄድበት ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ነቃች። ጫማዋ በር ላይ አልነበረም። በቦታው ትልቅ ጥቁር ቦቲ ቆሟል፤ ቀኛዝማች ቡናቸውን ሊያዩ ሲወርዱ ያደርጉት የነበረው። እናቷ አጠገቡ ቆመዋል።

«ቡናው ሥር እባብ አይጠፋም» አሉ። ስንት ቀን የዘጉት ድምፅ ሻክሮ ወጣ።

«እማዬ፣ መረቅሽኝ ማለት ነው?»

«አልመረቅሁሽም። ጫማ ነው የሰጠሁሽ።»

ወሰንየለሽ እግሯን አስገባች። ሰፋት፤ ስትራመድ ተረከዟ ወጣ። ወይዘሮ በየነች ይህን አዩና፣ የአሮጌ ቀሚስ ጫፍ ቀደው፣ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ጨርቁን በቦቲው ውስጥ ይጠቀጥቁላት ጀመር። ለማንም ተንበርክከው የማያውቁ ሴት ናቸው። ወሰንየለሽ ከላይ ሆና የሽበታቸውን መሃል አየች። ቴፒ ለመድረስ የነበራት ጥድፊያ ሁሉ ጠፋባት፤ ወደፊት ለመራመድም ወደ ኋላ ለመቅረትም አቅም አጣች።

«ሂጂ» አሉ ወይዘሮ በየነች፣ ከመሬት ሳይነሡ። «ፊቴን ሳታዪ ሂጂ።»